ቅሬታ ያለው ባለበት ይቁም

የልጅ ልጄ ቆሞ መተኛት የጀመረው ገና አፉን ሳይፈታ ነው። ግድግዳ ተደግፎ፣ ዐይኑን ግማሽ ከፍቶ ሲያዩት የቆመ ይመስላል እንጂ ልጁ ሄዷል። የማያውቀው ሰው «አሳቢ ልጅ ነው» ይላል። እኔ ግን ምልክቱን አውቃለሁ። የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል። ከንፈሩ ከገጠመ ነቅቷል፤ ከወረደ ጣራው ቢደረመስ አይሰማም። ትምህርት ቤት ሳለ ሰልፍ ላይ ስሙ ሲጠራ ዝም ብሎ፣ አስተማሪው እፊቱ ቆሞ «ቀሪ» ብሎበታል።

እንዲህ ያለ ልጅ ሲያድግ ምን ይሆናል እያልኩ ብዙ ተጨንቄያለሁ። ፍራሽ የሚሸጥበት ቤት ቢቀጠር ደስ ባለኝ። እሱ ፖሊስ ሆነ።

«እማዬ፣ ተቀበሉኝ» ብሎ የገባ ቀን ሌባው፣ ጥይቱ፣ ዱላው በየተራ ታየኝ። ከሁሉም በላይ ግን ብርዱን ፈራሁ፤ ደረቱ ከልጅነቱ ደካማ ነው።

«ሌባ እኮ ፖሊስ ሲያይ ይሸሻል» አለኝ ሊያጽናናኝ።

«የሚሸሽ ሰው ነው ገፍቶ የሚጥለው» አልኩት።

«እሺ» አለ።

እሺ ማለት ይወዳል። ምላስ የሌለው ልጅ ነው፤ ሁለት ቃል ከተናገረ አንዱ እሺ ነው፣ ሌላው እንጃ። እኔ ደግሞ ይህን ጠባዩን ወድጄለት ነበር፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም። በተለይ ፖሊስ ከሆነ በኋላ፣ አፉን የከፈተ ፖሊስ የሚላክበት ቦታ እንዳለ ስሰማ፣ ዝምታው እንደ ሀብት ሆነልኝ። ቦታውን ኬላ ይሉታል። አውቶቡሱ ሲሄድ ውሎ የሚደርስበት፣ መንገዱን የሚዘጋ አንድ አግዳሚ እንጨት፣ አንዲት ቆርቆሮ ቤትና ነፋስ ብቻ ያለበት ነው አሉ። አለቃውን «ለምን?» ያለ ሁሉ እዚያ ይሄዳል። እኔ ደግሞ በዚህ ዓለም ከዚህ ልጅ በቀር ማንም የለኝም። እናቱ የኔ ልጅ ነበረች፤ ካለፈች ወዲህ ሁለታችን ብቻ ነን።

መጀመሪያ አደባባይ ላይ መኪና እንዲያስተላልፍ አቆሙት። ያ ደህና ነበር፤ ጥሩምባ በሚነፋበት መሐል ማን ይተኛል? ቀጥሎ የፍርድ ቤት በር ላይ አቆሙት። ከዚያ ጣቢያው ውስጥ። ሥራው ሁሉ መቆም ነው። አምና ደግሞ የሌሊት ተረኛ አደረጉት፤ መከራችንም የጀመረው ያኔ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሌሊት ተረኛ ሲነጋ ሥራውን ይጨርሳል። ግን ወደ ቤቱ አይሄድም። የጠዋት ሰልፍ አለ፤ የቀን ተረኞቹ ተኝተው፣ ታጥበው፣ ቁርሳቸውን በልተው እስኪመጡ ይጠብቃል። ከዚያ አብሯቸው ተሰልፎ የቀኑን ትእዛዝ ይሰማል፤ የማይሠራበትን ቀን ትእዛዝ ማለት ነው። ለምን ብትሉ፣ ድሮም እንዲሁ ነበር ነው መልሱ። ልጄም እሰልፉ መሐል ቆሞ ከንፈሩን ይጥላል። አጠገቡ የሚቆም አንድ ጓደኛ አለው፣ ቆንጣጩ ይሉታል። ሰልፉ ሲበተን ክንዱን ቆንጠጥ ያደርገዋል፤ እሱም ነቅቶ ከሰው ጋር ይሄዳል። ክንዱ ላይ ያለውን ሰማያዊ ምልክት ሳይ በሌባ የተመታ መስሎኝ ስንት ቀን አልቅሻለሁ።

አንድ ጠዋት ቆንጣጩ ጥርሱን አሞት ቀረ።

ያ ጠዋት ደግሞ ወር በገባ ቁጥር ቅሬታ የሚጠየቅበት ነበር። ከላይ የመጣ ደንብ ነው፤ የአባላት ቅሬታ ይጠየቅ የሚል። ሰልፉን የሚመራው ሳጅን በድምፁ ምክንያት ጥሩምባ ይባላል፤ እሱ ነው የሚጠይቀው። «ቅሬታ ያለው ባለበት ይቁም፤ የሌለው ይበተን» ይላል። «የሌለው» የምትለውን ቃል ሳይጨርስ ግቢው ባዶ ነው። ባለበት የቆመ ሰው ታይቶ አይታወቅም።

የዚያን ዕለት ግን ቆመ። አቧራው ሲበርድ የልጅ ልጄ ብቻውን ግቢው መሐል ተገትሯል። በየመስኮቱ ሰው ተሰበሰበ። ጥሩምባ ወደ ኋላ አየ፣ ወደ ጎን አየ፣ ግራ ገባው፤ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ቢገኝ ምን እንደሚደረግ ማንም ነግሮት አያውቅም። ቀርቦ «ቅሬታ አለህ?» ብሎ ጮኸ።

ልጄ የጥሩምባን ድምፅ እንደ እሹሩሩ ለምዶታል፤ ግን ፊቱ ላይ ሲሆንበት ባነነ። ፖሊስ ሲባንን የሚያውቀው አንድ መልስ ነው።

«አዎ ጌታዬ» አለ።

«ምንድን ነው?»

ልጄ ዝም። ምን እንደተጠየቀ ቢያውቅ አይደል? ባዶውን ግቢ አየ፣ መስኮቶቹን አየ። ጥሩምባ ይህን ዝምታ ሲያይ ነገሩ ከበድ ያለ መሆን አለበት ብሎ ሮጦ ለጣቢያው አዛዥ ነገረ። አዛዡም «ሰኞ ከሰልፍ በኋላ ቅሬታውን ይዞ ይምጣ» አለ።

ልጄ ቤት ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሻይ ሰጠሁት፤ ብርጭቆውን ይዞ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ቅሬታ አለህ አሉኝ» አለ።

«አለህ እንዴ?»

«እንጃ።»

ሁሉን ነገረኝ። «ንገራቸዋ» አልኩት። «ተኝቼ ነው በላቸው።»

«ሰልፍ ላይ መተኛት ከደረጃ ያስወርዳል።»

«መናገርስ?»

«ኬላ ያስልካል።»

«ከመተኛትና ከመናገር በቀር ሌላ ጥፋት የላችሁም እናንተ?»

ልጄ አሰበበት። «መቀመጥም ክልክል ነው» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ቤት መሆኑ ቀረ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ፤ ስከፍት ጉንጩ ያበጠ ቆንጣጩ ነው። ጥርሱን ረስቶ ልጄን አቀፈው። «ወንድሜ፣ እኔ አንድ ቀን ብቀር እንዲህ ትሆናለህ?» አለው። ጣቢያው በሙሉ ምሰሶ ብለው እንደሰየሙት ነገረን። ሁሉም ሲሮጥ ያልተነቃነቀ ምሰሶ።

«ተኝቼ ነው እኮ» አለው ልጄ።

«እሱን ለኔ ተወው። ቆንጣጩ እኔ ነኝ፣ አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ግን አትንገር፤ ደስ ብሏቸዋል።»

ከቆንጣጩ በኋላ ሌሎቹ መጡ። ምሰሶ ቅሬታ ሊያቀርብ ነው ከተባለ የኛንም ይያዝልን ብለው። አንዱ ጫማው በሁለት ቁጥር ይሰፋዋል፤ የጫማው ጫፍ ውስጥ ጋዜጣ ጠቅጥቆ ነው የሚሮጠው። «ሌባው ቆሞ ሲስቅ ነው የያዝኩት» አለኝ። አንዱ የዝናብ ልብስ በበጋ ይታደለዋል፣ በክረምት ይሰበሰብበታል። የግቢው በር ጠባቂ ወንበሩ ሦስት እግር ነው፤ አራተኛው እግር እሱ ራሱ ነው። አንዲት ልጅ ደግሞ ባንክ በር ላይ ትቆማለች፤ ባንኩ ለሠራተኞቼ ብቻ ነው ብሎ መጸዳጃውን ከለከላት፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ውሃ አትጠጣም። ሻይ ስሰጣት እንደ ግመል ደራርባ ጠጣች፣ አንጀቴን በላችው። አንዱማ ሚስቱ ታንኮራፋለች ብሎ መጣ።

«ይሄ የመንግሥት ጉዳይ አይደለም ልጄ» አልኩት።

«የሌሊት ተረኛ ነኝ እማማ፤ የምተኛው እሷ ቀን በምትተኛበት ሰዓት ነው። እሷም ሌሊት ነው የምትሠራው» አለኝ። አሰብኩበትና ተቀመጥ አልኩት።

ልጄ ይሰማል። መናገር ስለማያውቅ ሰው አያቋርጥም፤ ሰውም ሳይቋረጥ ሲቀር ሆዱን ገልብጦ ያወጣል። እኔ ደግሞ ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጀርባ ሆኜ ከንፈሩን አያለሁ። እነሱ እያወሩ እሱ ይተኛል፣ ከዚያም ይረሳዋል፣ ነገሩ ይቀራል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ከንፈሩ ግን ገጥሟል። አንድም ቀን አልወረደም። ያኔ ነው የምር የፈራሁት።

እሑድ ሻንጣውን ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አወረድኩ። ወፍራሙን ሹራብ አጣጥፌ ከተትኩ። ኬላው ነፋስ ነው ብለዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለኝ።

«አንተን እየቀበርኩ ነው» አልኩት።

መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «እማዬ፣ ያቺ ባንክ በር የምትቆመው ልጅ ለማን ትንገር?» አለ። «ሁሉም እኔ ዘንድ የመጡት ጀግና ነው ብለው ነው። አይደለሁም፤ አንቺም ታውቂያለሽ። ግን ሰማኋቸው። ከሰማሁ በኋላ አልሰማሁም ብዬ እንዴት ልቁም?»

በሕይወቱ ይህን ያህል ተናግሮ አያውቅም። ሰው የሰማው መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ ቤት ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን።

ሌሊቱን ተረኛ ነበርና ወደ ሥራው ሄደ። እኔ ሲነጋ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ዳቦ በፌስታል ይዤ ወደ ጣቢያው ወጣሁ። አሳቤ አንድ ነው፤ ልጄ ከመናገሩ በፊት እኔ ልናገር። ከደረጃ ይውረድ፤ ኬላ ከሚሄድ ይሻላል።

በሩ ላይ ያለው ያ ባለሦስት እግር ወንበሩ ጠባቂ ነው። ሲያየኝ ሊነሳ ፈለገ፣ ወንበሩ ይወድቅበታልና ተወው። «ይግቡ እማማ» አለኝ፤ ሻዬን ጠጥቷል፣ ምን ይበል።

አዛዡ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣ መስኮቱ ላይ ያለች አበባውን በሻይ ማንኪያ ውሃ ያጠጣል። ለአበባ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ክፉ ባይሆን ነው ብዬ ልቤ ትንሽ ተመለሰ። በመስኮቱ በኩል ግቢው ይታያል፤ ሰልፉ ቆሟል።

«ይቀመጡ እናቴ። ምን ልርዳዎት?»

«የምሰሶ አያት ነኝ ጌታዬ።»

ማንኪያው ቆመ። «ደፋር ልጅ አለዎት» አለ፣ ደስ ሳይለው።

«ምን ደፋር ጌታዬ፣ ድመት ይፈራል። ተኝቶ ነው።»

«ምን አሉ?»

«ያን ዕለት የቆመው ተኝቶ ነው። ከልጅነቱ ቆሞ ይተኛል። ቅሬታ የለውም፣ ምንም የለውም፣ እሺ ከማለት በቀር ምን ያውቃል? አደራዎን፣ ኬላ አይላኩብኝ። ደረቱ ደካማ ነው።»

አዛዡ መነጽሩን ወደ ዐይኑ አወረደ። «እናቴ፣ ሰልፍ ላይ መተኛት ምን እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ?»

«ከደረጃ ያስወርዳል። እሱ ግን ገና ታች ነው፤ ወዴት ይወርዳል?»

አዛዡ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ሳል አደረገው። ከዚያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ «በኔ ሰልፍ ላይ አንድ ሰው ተኛ ማለት ነው» አለ። አነጋገሩ አስፈራኝ፤ ልጄን ብቻውን ጥፋተኛ ያደረግሁት መሰለኝ። ልከላከልለት ብዬ ነገሩን አባባስኩት።

«አንድ ብቻ ሲሉ እሱ ላይ ብቻ እንዳያደርጉት» አልኩ። «ሌሊት ያደሩት ሁሉ ይተኛሉ እኮ። ሲበተን እርስ በርስ ይቆናጠጣሉ። የኔውን የሚቆነጥጠው ልጅ ያን ዕለት ጥርሱን አሞት ቀርቶ ነው።»

ይህን ካልኩ በኋላ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። ሁሉንም አስፈጀኋቸው።

አዛዡ ማንኪያውን አስቀመጠ። መስኮቱን ከፍቶ ጥሩምባን ጠራና ዝቅ ባለ ድምፅ «ሲበተኑ ማንም ማንንም አይንካ። እጃቸው ከጎናቸው እንዳይነቃነቅ በል» አለው።

ጥሩምባ ትእዛዙን አስተላልፎ «ተበተኑ» አለ፤ የመስኮቱ መስታወት ከድምፁ ነዘረ። የቀን ተረኞቹ ሄዱ። አቧራው በረደ። የሌሊቶቹ ረድፍ እንዳለ ቆሟል። ያ ጫማው የሰፋው ዐይኑን አፍጥጦ ያንኮራፋል፤ ለካ ታንኮራፋለች ከተባለችው ሚስት አያንስም። ቆንጣጩ ራሱ እጁን ከጎኑ አድርጎ ተኝቷል፤ ጣቶቹ ብቻ አየሩን ይቆነጥጣሉ። ሌሎች ሁለት ደግሞ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል፣ አንዱ ለአንዱ ግድግዳ ሆኖ። ጥሩምባ በመሐላቸው እየተመላለሰ እያንዳንዱን ፊት ያያል፤ አንዲት ወፍ የግቢው አጥር ላይ አረፈች፤ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

አዛዡ ረድፉን በጣቱ ቆጠረ።

«የርስዎ ልጅ የቱ ነው?»

ጫፍ ላይ ነው። አየሁት። ከንፈሩ ገጥሟል። ነቅቶ፣ ባለበት ቆሟል።

«እሱስ ተኝቷል ነቅቷል?» አለኝ አዛዡ።

ተኝቷል ካልኩ ከሌሎቹ እንደ አንዱ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ሰው መሐል ማንን ነጥሎ ይቀጣል? ነቅቷል ካልኩ ግን ቅሬታ ያለው ሰው እሱ ብቻ ነው።

«ተኝቷል ጌታዬ» አልኩ። «ድብን ብሎ።»

በዚህ ጊዜ ከተደጋገፉት ሁለቱ አንዱ ባነነና ባዶውን ግቢ አይቶ በድንጋጤ ሮጠ። ሁለተኛው ግድግዳው ስለሄደበት፣ ሥሩ እንደተነቀለ አጥር ቀስ እያለ መጋደም ጀመረ። የልጅ ልጄ ከቦታው ወጣ፤ ሄዶ ብብቱን ይዞ አቆመው፤ ኮፍያውን አስተካከለለትና ወደ ቦታው ተመለሰ።

አዛዡ ወደኔ ዞረ። «ተኝቷል ነበር ያሉኝ?»

«በእንቅልፍ ልቡም ደግ ነው» አልኩ።

ያኔ ሳቁን ሳል ማድረግ አልቻለም። መነጽሩን አውልቆ ዐይኑን ጠረገ። ከዚያ ልጄን አስጠራው። ልጄ ሲገባ እኔን አየ፣ የዳቦውን ፌስታል አየ፣ ሁሉም ገባው። ሰላምታ ሰጠና ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አያትህ ቅሬታህን ነግረውኛል» አለው አዛዡ። «አይቼዋለሁም። የሌሊት ተረኛ ከዛሬ ጀምሮ ሲነጋ ወደ ቤቱ ይሂድ። ጨርሰናል?»

እሺ በል፣ እሺ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት። የሚወዳት ቃል ናት።

«አያቴ የነገረችዎ የኔን ነው ጌታዬ» አለ። «እኔ የያዝኩት የሌሎቹን ነው።» ከዚያ ስለ ባንኳ ልጅ ጀመረ። ውሃ እንደማትጠጣ ሲናገር አዛዡ የአበባዋን ማንኪያ አየት አደረገ። ልጄ ስለ ጫማው ተናገረ፣ ስለ ዝናብ ልብሱ፣ ስለ ወንበሩ። ስለምታንኮራፋው ሚስት ሊጀምር ሲል እኔ አሳልኩ፤ ተወው።

ኬላ አልላከውም። አባላቱ እጅ አውጥተው ተወካያችን እሱ ነው አሉ፤ አዛዡም አጸደቀ። አሁን ቅሬታ የሚጠይቀው ጥሩምባ መሆኑ ቀርቶ ልጄ ሆኗል፤ ደግሞ ተቀመጡ ብሎ ነው የሚጠይቃቸው። ባንኩ በአዛዡ ደብዳቤ መጸዳጃውን ከፈተ። ወንበሩ አራተኛ እግር አገኘ፤ አሁን ሌላው እግር ይነቃነቃል። ጫማው ገና ነው። የቤቴ ሻይ ቅጠል ግን አይበረክትም፤ ከሌላ ጣቢያ ሳይቀር ይመጣሉ።

አርፌ ልተኛ ስል፣ ከላይ ያሉት ሰምተው «ሌሎቹንም ጣቢያዎች እየዞረ ይጠይቅ» አሉ። ከሁሉ በፊት ወዴት እንደሚሄድ ሲነግረኝ ማንቆርቆሪያውን ከእጄ ጣልኩት።

«ማንም ሳይልክህ ኬላ ትሄዳለህ?»

«እዚያ ያሉትን ማን ይጠይቃቸዋል እማዬ?»

«እነሱ እኮ ሲጠይቁ ነው እዚያ የተላኩት።»

«ለዚህ ነው ብዙ የሚነግሩኝ» አለና ሻንጣውን አወረደ። ሹራቡ ያኔ እንደከተትኩት እዚያው ነበር።

አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁት። ሰልፉ ረጅም ነው። ዳቦውን ሰጠሁት፣ አንገቱን ጠቀለልኩለት፣ ከመስኮት አጠገብ እንዳይቀመጥ መከርኩት፤ መልስ የለውም። ቀና ብዬ አየሁት። ዐይኑ ግማሽ ተከፍቷል። የታችኛው ከንፈሩ ወርዷል። ትናንት እስኪመሽ ሰው ሲያናግር ነበር።

ከፊቱ ያሉት ሰዎች ተሳፈሩ። ከኋላው ያሉት ምሰሶ መስሏቸው ነው መሰል ዞረውት ማለፍ ጀመሩ። አውቶቡሱ እየሞላ ነው፤ ሌላ አውቶቡስ የለም። ዝም ብል ጥሎት ይሄዳል። ማንም አይወቅሰኝም፤ እኔ ምን አውቃለሁ፣ አሮጊት ነኝ። ወደ ቤት ይዤው እመለስና አልጋው ላይ አስተኛዋለሁ። ሹፌሩ ሞተሩን አስነሳ። እኔ ቆሜ ከንፈሩን አያለሁ።

ክንዱን ያዝኩና ቆነጠጥኩት።

«አቤት ጌታዬ» አለ፣ ከዚያ ዐይኑን አሻሽቶ አየኝ። «ደረሰ እማዬ?»

«ከደረሰ ቆይቷል» አልኩት። «ተሳፈር በል፣ ሰዎቹ እየጠበቁህ ነው። ሹራቡን እንዳታወልቅ።»

«እሺ» አለ።